እትዬ መፍቻና እምቢተኛዋ መኪና

ሰው ሁሉ መኪናዋ ጠልታታለች አለ። አሰልጣኙ አለ፣ ባለ ጋራዡ አለ፣ የገዛ ታላቅ እህቷ ሳትቀር አለች። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ይህ የሚባለው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ስትፈታና ስትገጥም ለኖረች ሴት ነው። ለእሷ ማሽን ሰው ይጠላል ብሎ መንገር ለአናጢ ጠረጴዛው አኩርፏል እንደ ማለት ነው።

ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት መዝገብ ቤትና እህቷ ብቻ ናቸው። በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ እትዬ መፍቻ ነው የሚሏት፤ የሥራ ካፖርቷ የደረት ኪስ ላይ መፍቻ ሳትሰካ ታይታ አታውቅም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፋብሪካው የገባችው የሸሚዝ ቁልፍ ልትተክል ነበር። የደረሳት ማሽን ታዲያ በቀን ሦስቴ የሚቆም፣ ጠጋኙ ደግሞ ለመቶ ማሽን አንድ ሽማግሌ ብቻ። አንድ ቀን መጠበቁ አንገፈገፋትና የማሽኑን ክዳን በጥፍር መቁረጫ ፈታ ከፈተችው። ሽማግሌው እጅ ከፍንጅ ያዛት። አለቀላት፣ ትባረራለች ሲባል ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ ሰጣትና በጥፍር መቁረጫ የብሎኑን ራስ ታበላሺዋለሽ አላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእሱ ተማሪ ሆነች።

ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ አንድ ሕግ አወረሳት፤ ማሽኑን ከሰፊዋ ነጥለሽ አትመርምሪ የሚል። ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት ሰፊ ማሽኑ እምቢ አለኝ ብላ ትጣራለች። ጠጋኝ ይመጣል፣ ተነሺ ይላታል፣ ራሱ ተቀምጦ ይረግጠዋል፤ ማሽኑ ዘፈን እንደሚዘፍን ሰው ይንቆረቆራል። ምንም የለውም ብሎ ይሄዳል። ሴትየዋ ገና ከመቀመጧ ማሽኑ ድርቅ። ለምን ቢሉ፣ ሲደክማት ጉልበቷ ከጠረጴዛው ስር ያለውን ሽቦ ይገፋዋል፤ የጠጋኙ ጉልበት ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እትዬ መፍቻ ማንንም ተነሺ ብላ አታውቅም። ክንዷን አጣጥፋ ትቆምና «ተቀመጪና አሳዪኝ» ትላለች። ማሽኑ እምቢ እስኪል አንድ ሰዓት ቢፈጅም ትጠብቃለች።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው በከተማው ሁለት ጫፍ ሁለት ቅርንጫፍ ከፈተ። ሦስቱንም እየዞረ የሚጠግን ሰው ተፈለገ፤ ለእሱም ፒካፕ መኪና፣ ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን፣ በሩ የሚቆለፍ የራሱ ክፍል። የጥገና ኃላፊው አስጠርቶ አልሸሸጋትም። ሥራው የሚገባሽ አንቺ ነሽ፣ ነገር ግን መንጃ ፈቃድ የለሽም፣ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ካላመጣሽ ለማታ ፈረቃው ጠጋኝ እሰጠዋለሁ አላት። የማታ ፈረቃው ጠጋኝ መጥፎ ሰው አይደለም። መጥፎ ጠጋኝ ነው እንጂ። ክር የተበጠሰበትን ማሽን ሞተሩን አውርዶ የሚበትን ሰው ነው። መንጃ ፈቃድ ግን ካወጣ አሥር ዓመቱ። እትዬ መፍቻን ነገሩ አንጀቷን አቃጠላት። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሥራ በአንዲት ካርድ ምክንያት ከእጄ አይወጣም አለችና በሃምሳ አንድ ዓመቷ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ገብታ ተመዘገበች።

አሰልጣኟ አርባውን ያለፈ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ተማሪ ፍሬን ሲረሳም፣ ከግንብ ጋር ሊላተም ሲልም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይወጣውም። ተማሪዎቹ ከዚሁ ተነስተው እንቁላል ብለው ሰየሙት። ያውቃል፤ አይቀየምም። እትዬ መፍቻ በእሱ እጅ ገብታ በሦስት ሳምንት ውስጥ መሪውንም ማርሹንም ለመደች። ዕድሜ ልኩን የስፌት ማሽን ፔዳል ሲረግጥ ለኖረ እግር ፍሪሲዮን ምኑ ይከብዳል። እንቁላልም ከጓደኞቿ ቀድማ ለፈተና ትቅረብ አለ።

የመጀመሪያው ፈተና ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ይህን ፀሐይ አደራ እንዳትረሱት። ፈታኙ አጠገቧ ገብቶ ተቀመጠ። ግዙፍ ሰው ነው፤ በጋ ከክረምት ያ ወፍራም የወታደር ጫማው ስለማይለየው ከስክስ ይሉታል። ከተፈታኝ ጋር ትርፍ ቃል አይለዋወጥም፤ ፊቱ ቢቆጥሩት አንድ ሳቅ አይገኝበትም። አስነሺ አላት። ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ቁልፉን አዞረች። ዝም። የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ ብለዋል፣ ሞተሩ ግን ትንፍሽ አላለም። ደግማ አዞረች፣ ዝም። ሠለሰች፣ ያው ዝም። ከስክስ ሰዓቱን አየና ወረቀቱ ላይ «ሞተር ማስነሳት ያልቻለች» ብሎ ጻፈ፣ ወርዶም ሄደ። እንቁላል ሮጦ መጥቶ በእሷ ቦታ ተቀምጦ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። ዙሪያውን የቆመው ተፈታኝ ሁሉ ሳቀ። እትዬ መፍቻን የምታህል የሞተር ሰው ሞተር ማስነሳት ያልቻለች ተብላ ተጻፈባት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቤት የጠበቀቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ እታለም ትላታለች። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስትሆን የእትዬ መፍቻ ባል ከሞተ ጀምሮ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። እታለም ማጽናናት የምታውቀው በማሾፍ ነው። ሌላውን ሰው ጎረቤት ይጠላዋል፣ አንቺን መኪና ጠላሽ አለቻት፤ ቢሆንም ሻይዋን አፍልታ፣ ስኳሩን አማስላ እጇ ላይ አኖረችላት።

ከዚያ ወዲህ በልምምድ ላይም መኪናዋ አራት ጊዜ እምቢ አለች። አራቱም ዝናብ የጣለባቸው ቀኖች ነበሩ። እንቁላል መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰዳት። ባለ ጋራዡ መጀመሪያ ባትሪውን ቀየረ። ከሳምንት በኋላ ሞተሪኖውን፣ ትልቁን ሞተር ቀስቅሶ የሚያስነሳውን ትንሹን ሞተር፣ አውልቆ አዲስ ገጠመ። ሁለቱም አልረዱም። በመጨረሻ የዝናብ ነገር ነው፣ ሽቦው ውስጥ እርጥበት ገብቷል አለና ያገኘውን መጋጠሚያ ሁሉ በፕላስተር ጠቀለለው። እሱ ብቻውን ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር ደግሞ ከአሥር አሥር ጊዜ ትነሳለች። ከመስኮቱ ብቅ ብሎ እትዬ መፍቻን እያየ፣ እትዬ፣ መኪናዋ ሰው ትመርጣለች መሰለኝ አላት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው፤ ጥፋቱ ያለበት ሲጠፋቸው ሴትየዋን መውቀስ።

ሁለተኛው ፈተና መጣ። አሁንም ጠራራ ፀሐይ፣ አሁንም ከስክስ፣ አሁንም ዝም። «ሞተር ማስነሳት ያልቻለች።» ሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው አይፈተንም፤ ለእሷ ደግሞ ከወሩ የቀራት አሥር ቀን ብቻ ነው። እንቁላል ቀስ ብሎ ጠጋ አለና ምናልባት ልብዎ እየፈራ ይሆን እንዴ እትዬ አላት። ለደግ ነው ያላት፤ ግን ከሁሉም የባሰ ያመማት ይህ ነው። ከአጥሩ ጀርባ ሄዳ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ወደ ቤት በሚወስዳት አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ስታስብ ንዴቷ ቀስ በቀስ ወደ ሥራ ተለወጠ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የሰው ፍርሃት ሽቦ አይቆርጥም። ዝናብ ነው እንዳይባል ሁለቱም የፈተና ቀኖች ፀሐይ ነበሩ። እንቁላል ጋር ሲሆን በዝናብ ቀን ብቻ፣ ከስክስ ጋር ሲሆን በፀሐይም እምቢ ትላለች። ባለ ጋራዡ ብቻውን ሲሆን ግን መቼም እምቢ ብላ አታውቅም። እዚህ ላይ ስትደርስ ጭንቅላቷን በመዳፏ መታ አደረገች። ሠላሳ ዓመት የኖረችበትን ሕግ ረስታዋለች። ባለ ጋራዡ ተነሺ ብሎ በሰፊዋ ወንበር ተቀምጧል፣ እሷም ቆማ ዝም ብላ አይታዋለች። ማሽኑ ከሰዎቹ ተነጥሎ ነው የተመረመረው።

በማግስቱ ማሰልጠኛው ግቢ ተማሪዎች ወረፋ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወሬ ጀመረች። ሰው ውድቀቱን ይደብቃል፤ እሷ ግን የራሷን አስቀድማ ዘረገፈችው። ያን ጊዜ ሁሉም ተነፈሰ። ከእሷ ሌላ ስድስት ሰው በዚህችው መኪና፣ በዚሁ ፈታኝ፣ ሞተር ማስነሳት አልቻልክም ተብሎ ወድቋል። ስድስቱም መኪናዋ እኔን ብቻ ነው የጠላችኝ ብለው ሐፍረታቸውን ይዘው ከርመዋል። አንዲቱ እንዲያውም ትምህርቱን ትታ ዛሬ የመጣችው የምዝገባ ወረቀቷን ልትመልስ ነው። ወረቀትሽን እስከ ሐሙስ አቆዪ አለቻት እትዬ መፍቻ።

ሦስተኛው ፈተና ሐሙስ ጠዋት ነው። ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻ ልምምዷ ነበር፤ ዝናቡም ይወርዳል። እንቁላል ክፍል ውስጥ የመንገድ ምልክት እያስተማረ ስለነበር ቁልፉን ተቀብላ ቀድማው ወደ መኪናዋ ሄደች። መኪና አታውቅም፤ ሞተር ግን ሞተር ነው። ለሞተር የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ጉልበትና ትዕዛዝ። ጉልበቱ በወፍራሙ ሽቦ ከባትሪ ይመጣል፣ ትዕዛዙ በቀጭኑ ሽቦ ከቁልፉ ይመጣል። መብራቱ ቦግ እያለ ሞተሪኖው ጭጭ ካለ ጉልበት ሞልቷል ማለት ነው፤ የቀረው ትዕዛዙ ነው። እነሱ ጉልበቱን ቀየሩ፣ ሠራተኛውን ቀየሩ፣ መልእክተኛውን ግን የት ቀረህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ኮፈኑን ከፍታ ከሞተሪኖው ቀጭኑን ሽቦ በጣቷ እየተከተለች ሄደች። ሽቦው የሞተሩን ክፍል ግድግዳ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ፣ እሷም በጀርባዋ ተኝታ ከዳሽቦርዱ ስር ገባች። ከፍሪሲዮኑ ፔዳል አናት ላይ አውራ ጣት የምታህል ማብሪያ አገኘች። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ብቻ ትጫናለች፤ ካልተጫነች ትዕዛዙ አያልፍም። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና በቁልፍ ዘላ ሰው እንዳትገጭ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። የማሰልጠኛው የቀድሞዋ አሮጌ መኪና እንዲህ ያለ ነገር አልነበራትም፤ ይህችኛዋ ከተገዛች ገና አራት ወሯ ነው። እትዬ መፍቻ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረገጠችና ከኪሷ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አውጥታ ከፔዳሉ እስከ ወለሉ ለካች። ሦስት ሴንቲሜትር። ከዚያ አንዲት ትንሽ አምፖል ከቀጭኑ ሽቦ ጋር አገናኘችና በረጅም ገመድ ስባ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አስገባቻት። ትዕዛዝ ካለፈ አምፖሏ ትበራለች፤ ካላለፈ ትጨልማለች።

እንቁላል ጃንጥላውን እያራገፈ መጣ። «መምህር፣ ዛሬ አልነዳም» አለችው። «እንደ ፈተና ቀን አጠገቤ ይቀመጡና እምቢ እስክትል እንጠብቃለን።» ሰውየው ነገሩ ባይገባውም እሺ ብሎ ገባ። ቁልፉን አዞረች፤ አምፖሏ በራች፣ ሞተሩ ተነሳ። አጠፋች። ደግማ አዞረች፤ ተነሳ። አምስቴ፣ ስድስቴ፣ ስምንቴ። እንቁላል ሰለቸውና ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ማውራት ጀመረ። በዘጠነኛው አምፖሏ አልበራችም። መኪናዋም ዝም አለች።

እትዬ መፍቻ ልቧ ዘለለ፤ በደስታ ነው የዘለለው። እንዳይንቀሳቀሱ አለችው። እግሯን ከፍሪሲዮኑ ሳታነሳ ጎንበስ ብላ ሜትሩን ወደ ታች ሰደደች። አምስት ሴንቲሜትር። እሷ እስከ ወለሉ የረገጠች መስሏት ሁለት ሴንቲሜትር ቀርቷታል፤ አንድ ነገር ፔዳሉን ከስር ይዞታል። በማሰልጠኛ መኪና ላይ ደግሞ ሁለት ፍሪሲዮን ነው ያለው። አንዱ በተማሪው በኩል፣ አንዱ በአሰልጣኙ በኩል፣ በብረት ዘንግ የተያያዙ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውም ይወርዳል። አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ እሱ በኩል አየች።

«መምህር፣ እግርዎ የት ነው ያለው?»

«ኧረ እኔ ፔዳሉን አልነካሁም እትዬ።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። የት ነው ያለው?»

እንቁላል ወደ ታች አየ። ወፍራም የጎማ ቦት ጫማው አፍንጫ ከፔዳሉ ስር ተሰክቷል። የአሥራ አንድ ዓመት ልማዱ ነው። አሰልጣኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ ካሳረፈ ተማሪ እሱ ነው የረገጠብኝ ብሎ ይከራከራል፤ ስለዚህ እጄ የለበትም ለማለት አሰልጣኞችም ፈታኞችም የእግራቸውን ጣት ከፔዳሉ ስር ይወሽቃሉ። በፀሐይ ቀን የእንቁላል ጫማ ቀጭን ነው፤ ፔዳሉ ከላዩ ተርፎ ይወርዳል። በዝናብ ቀን ቦት ጫማ ያደርጋል። ከስክስ ደግሞ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ያው ከስክስ ነው፤ እግሩን ሳይወሽቅ የፈተናቸው አልፈዋል፣ የወሸቀባቸው ወድቀዋል። ባለ ጋራዡ ሲሞክራት አጠገቡ ሰው አልነበረም፤ ከፔዳሉ ስር የገባ ጫማም አልነበረም። እግርዎን ያውጡ አለችው። አወጣ፤ ቁልፉን አዞረች፣ አምፖሏ በራች። መልሰው ያስገቡ አለችው። አስገባ፤ ጨለመች። እትዬ መፍቻ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች፣ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች፣ ስትስቅም እንባዋ ይወርድ ነበር። እሷ ፈሪ አልነበረችም። መኪናዋም ማንንም አልጠላችም።

እንቁላል ግን አልሳቀም። ስድስቱን ሰዎች ስትነግረው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልማድ የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው አሸማቀቀብኝ አለ። ወዲያው ባለ ጋራዡ ጋ ደወለ። ባለ ጋራዡ ነገሩ ሲነገረው መጀመሪያ አላመነም፤ ሲያምን ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፣ የማብሪያዋን ሁለት ሽቦ ቆርጣችሁ አገናኙት፣ ከዚያ ያለ ፍሪሲዮንም ትነሳለች አለ። እትዬ መፍቻ ስልኩን ተቀበለችውና አይሆንም አለች። ያቺ ማብሪያ ዘብ ናት፤ ድንገት የሚዘል መኪና ፊት ለፊት ነገ ሰው ቢቆምስ። የሚስተካከለው የአሰልጣኙ ፔዳል ነው፣ ከፍ ተደርጎ ይበየድ አለችው። እሱ ደግሞ ከቅዳሜ በፊት አልደርስም አለ። እንግዲህ ፈተናው ነገ ጠዋት ነው፣ ፔዳሉ እንዳለ ነው፣ አጠገቧ የሚቀመጠውም ከስክስ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ለከስክስ መንገር። እንቁላል ይህን ፈራ። አሰልጣኝ በፈተና ሰዓት ፈታኝ ዘንድ አይደርስም፣ ተፈታኝ ደግሞ ካልጠየቁት አይናገርም። የተናገረ ተከራከረ ይባላል፣ የተከራከረ ይወድቃል። ዝም ይበሉ፣ ምናልባት ነገ እግሩን ባያስገባስ አላት። ለምናልባት አይደለም የመጣሁት አለችው።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ ስድስቱም ተቀምጠዋል፤ ወረቀቷን ልትመልስ የነበረችውም አለች። ከስክስ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አኖረ። እትዬ መፍቻ በዓይኗ ጥግ ወደ ታች አየች። ያ ድንጋይ የሚያህል ጫማ ቀስ ብሎ ተንፏቀቀና ከፔዳሉ ስር ገብቶ ተደላደለ። አስነሺ አላት። ረገጠች፣ አዞረች። ዝም። እስክሪብቶው ወደ ወረቀቱ ሲሄድ አየችው።

«ጌታዬ» አለች። «እግርዎን ከፔዳሉ ስር ያውጡልኝ።»

ከስክስ ቀና ብሎ አያት። ምናልባት በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። «ፔዳሉን አልነካሁም» አለ።

«አልነኩትም፤ ፔዳሉ ነው እርስዎ ላይ ያረፈው። ወደ ታች እንዳይወርድ ጫማዎ ይዞታል። ያውጡልኝና እንደገና ላዙር፤ ካልተነሳች የፈለጉትን ይጻፉ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳ። ከዚያ እግሩን ሳበ። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ተነሳ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አንገቱን መዘዘ። ከስክስ አጥፊ አላት። እግሩን መልሶ አስገባና አስነሺ አለ፤ ዝም። አወጣው፤ ተነሳ። ሦስት ጊዜ እንደዚያ አደረገ። በሦስተኛው የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመና ጫማውን አየ።

«በዚህች መኪና ስንት ሰው ጥያለሁ?» አለ።

«ከእኔ ሌላ ስድስት። ያው እዚያ ተቀምጠዋል።»

ዞሮ አያቸው። እግሩን ወደ በሩ በኩል አጥፎ አስቀመጠና ወደ ፊት አላት። ነዳች። ዳገቱ ላይ አቁማ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት ተነሳች፣ በጠባቡ ቦታ ወደ ኋላ ገብታ ከቆሙት ዘንጎች አንዱን ሳትነካ አቆመች፣ መሪውም በእጇ እንደ ልጅ ታዘዘላት። ሲጨርሱ ከስክስ ወረቀቱ ላይ ጻፈና አሳያት፤ አልፋለች። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ አግዳሚው ወንበር ሄደ። ስድስቱ ሰዎች ደንግጠው ተነሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ውድቀታችሁ ይሰረዛል፣ መኪናዋ ተሠርታ ስትመለስ እንደ አዲስ እፈትናችኋለሁ አላቸው። ያቺ ወረቀት መላሿ እትዬ መፍቻ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እንቁላል ከአጥሩ ስር ቆሞ በእጁ ጨርቅ ዓይኑን ይጠርግ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብሏል፤ እኛም አምነነዋል።

መንጃ ፈቃዷ የወጣው ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። የጥገና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። ገለባብጦ አየውና የፒካፑን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት። ከማታ ፈረቃው ጠጋኝ ቀድሞ እንኳን ደስ ያለሽ ያላት የለም፤ ኃላፊነቱን ሲያስበው እንቅልፍ አጥቶ ከርሞ ኖሯል።

ሰኞ ጠዋት እታለም ገበያ ድረስ አድርሽኝ ብላ የፊተኛው ወንበር ላይ ወጣች፣ ቦርሳዋን አቀፈች። እትዬ መፍቻ ቁልፉን ከማዞሯ በፊት ጎንበስ ብላ የእህቷን እግር አየች። ይህች መኪና በዚያ በኩል ፔዳል የላትም፤ ታውቃለች፤ ግን አየች። ምን ታያለሽ አለቻት እታለም። ጫማሽን አለቻት። አዲስ ጫማዬ ነው፣ ገና አሁን አየሽው አለች እታለም በኩራት። ሞተሩ በአንድ ዙር ተነሳ፤ እታለም ቀበቶዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ይህቺኛዋስ ወዳሻለች አለች።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ደጃፍ አቁማ የመሣሪያ ሳጥኗን አውርዳ ገባች። አዳራሹ በማሽን ድምፅ ይርገበገባል፤ አንድ ማሽን ብቻ ዝም ብሏል። ሰፊዋ ወጣት ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል። ይህ ማሽን እኔን ጠልቶኛል እትዬ፣ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ይሠራል፣ ሥራ አትችልም እያሉኝ ነው አለችና ወንበሩን ልትለቅላት ብድግ አለች።

እትዬ መፍቻ ሳጥኗን መሬት አኖረች፣ ክንዷንም አጣጠፈች። «የትም አትሂጂ» አለቻት። «ተቀመጪና አሳዪኝ።»